የወጣት ተጫዋቾች ተራ ቍጥር ምን ያውቃል?

በወሎ ሰፈር፣ ከቦሌ መንገድ ወደ ጎተራ ከሚወስደው ጎዳና ጀርባ፣ ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆች ማታ ማታ የሚጫወቱበት ጠባብ ሜዳ አለ። ሜዳ ይባል እንጂ በሁለት አጥር መካከል የቀረ ባዶ መሬት ነው፤ ጎሉም ሁለት ድንጋይ ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሁለት አምበሎች ይቆማሉ፤ በዘውድና ጎፈር ቀዳሚው ይለያል፤ ከዚያም በየተራ አንድ አንድ ልጅ እየጠሩ ቡድናቸውን ይሞላሉ። በመጀመሪያ የተጠራው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። መጨረሻ የቀረው ግን ማንም «ና» ሳይለው ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ ወደ ድንጋዮቹ ያመራል፤ በዚያ ሜዳ ሕግ የመጨረሻው ልጅ በረኛ ነውና።

እኛም ይህን ምርጫ ለጥቂት ሳምንታት ቆመን ተመለከትን። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ለፈተና ያህል፣ ልጆቹን እንደ ተስፋቸው መጠን ከፊት ወደ ኋላ በተራ ቍጥር ጽፈን ነበር። ዝርዝራችን ከአምበሎቹ ምርጫ ብዙም አልተለየም። ያን ጊዜ ይህን የትክክለኛነታችን ምስክር አድርገን ቈጠርነው። ኋላ ግን ነገሩን ስንመረምረው፣ እኛና አምበሎቹ የተስማማነው በልጆቹ ተስፋ ሳይሆን በቁመታቸው መሆኑን ተረዳን፤ ፊተኞቹ አብዛኞቹ ረዣዥሞቹ ነበሩና። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይኸው ስሕተታችን ነው።

ጉዳዩ የሰፈር ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንባብያንን ባላደከምን ነበር። ነገር ግን በአገራችን የስፖርት ማሠልጠኛዎች የሚቀበሉት የልጅ ቍጥር የተወሰነ ነው፤ ለማለፍ የሚደረገው ፈተናም አጭር ነው። በዚያች አጭር ጊዜ አንዱ «ይለፍ»፣ ሌላው «ይቅር» ይባላል። ያለፈው ብዙ ጊዜ ትምህርቱን ወደ ኋላ ያደርጋል፤ የቀረው ደግሞ ተስፋውን። እንዲህ ያለውን ፍርድ የሚሰጥ ዝርዝር ራሱ ሊመረመር ይገባዋል።

ተራ ቍጥር ሲጻፍ ሦስት ጥያቄዎች በአንድነት ይቀላቀላሉ። አንደኛው፣ ዛሬ ማን ይበልጣል? ሁለተኛው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ማን ይበልጣል? ሦስተኛው፣ ያለንን ጥቂት ገንዘብና ጥቂት አሠልጣኝ ለማን ብንሰጥ ይበጃል? ዝርዝሩ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ አንባቢው ግን የሁለተኛው መልስ አድርጎ ያነበዋል፤ ሹሙም በሦስተኛው ላይ ይፈርድበታል። የትችታችን ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ይህ ሥራ በዓለም እጅግ ተራቅቆ የሚገኘው በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ዘንድ ነው። በበትር ኳስ መምታት ለአገራችን ሰው ባዕድ አይደለም፤ የገና ጨዋታችን በተቆለመመ በትር ጥንግ መምታት ነው። ሆኖም በገና ሜዳ መንደር ከመንደር ይገጥማል እንጂ ልጆችን አስቀድሞ በተራ ጽፎ የሚጠብቃቸው የለም። በዚያ አገር ግን ክለቦች ወጣቶችን በየተራ የሚመርጡበት ጉባኤ ከ1963 ጀምሮ (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በየዓመቱ ይደረጋል። ዛሬ 32 ክለቦች በሰባት ዙር 224 ወጣቶች ይመርጣሉ። ከ1975 ጀምሮም ሊጉ ለዚህ ሥራ ያቋቋመው የተመልካቾች ጽሕፈት ቤት የአሥራ ሰባትና የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆችን እየተከታተለ ደረጃ ያወጣል።

ይህ ሁሉ ዝግጅት ምን አፈራ? ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን በመልካሙ እንጀምር። በ2005 አንደኛ የተመረጠው ሲድኒ ክሮዝቢና በ2015 አንደኛ የተመረጠው ኮነር ማክዴቪድ በእርግጥ የዘመናቸው አንደኞች ሆነዋል። በጠቅላላው ሲታይም ፊተኞቹ ከኋለኞቹ ይልቅ ብዙ ይጫወታሉ። ነገር ግን በ1993 አንደኛ የተጠራው አሌክሳንድር ዴግል የተጠበቀውን ያህል ሳይሆን ቀረ፤ ከእርሱ ቀጥሎ የተጠራው ክሪስ ፕሮንገር ከታላላቆቹ ተቈጠረ። በ1998 ፓቬል ዳትሲዩክ 171ኛ፣ በ1999 ሄንሪክ ዜተርበርግ 210ኛ ሆነው ተመረጡ፤ ሁለቱም በአንድ ክለብ ተገናኝተው በ2008 ዋንጫ ወሰዱ። ማርቲን ሴንት ሉዊስ የተባለው ደግሞ አጭር ነው ተብሎ ከነጭራሹ ሳይመረጥ ቀርቶ፣ በ2004 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ፊተኞቹ ብዙ መጫወታቸው የዝርዝሩን እውነተኛነት ያረጋግጣል» ይል ይሆናል። እኛ ግን በዚህ ላይ ጥንቃቄ እንዲደረግ እንለምናለን። አንደኛ የተባለው ልጅ የተሻለ አሠልጣኝ ያገኛል፤ ብዙ ሰዓት ይሰለፋል፤ ሲሳሳትም ይታገሡታል። 210ኛው ግን አንድ ጊዜ ቢሳሳት ይሰናበታል። እንግዲህ ዝርዝሩ የወደፊቱን ከመተንበይ አልፎ በከፊል ራሱ ይፈጥረዋል። ዘሩን ለም መሬት ላይ የዘራ ገበሬ፣ መልካም ሆኖ ሲበቅል ምርቱን ለዘሩ ብቻ ሊያመሰግን አይችልም።

ሁለተኛው ነገር ዕድሜ ነው። በ1985 የካናዳ ተመራማሪዎች በታወቁት የወጣት ሆኪ ቡድኖች ውስጥ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች ከልክ በላይ እንደሚበዙ ጽፈዋል። ምክንያቱ ከዋክብት አይደሉም። የዕድሜ ክፍሉ ከጃንዋሪ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ በጃንዋሪ የተወለደው በዲሴምበር ከተወለደው ጋር በአንድ ክፍል ይሰለፋል፤ በልጅነት ጊዜ አሥራ አንድ ወር ብዙ ቁመትና ብዙ ጉልበት ነው። መራጩ ጉልበቱን አይቶ «ተሰጥኦ» ይለዋል። በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ የተወለዱት በኋላ ካሳዩት ሥራ አንጻር ሲታዩ ከሚገባቸው ወደ ኋላ ተገፍተው እንደ ተመረጡ አመልክቷል። የወሎ ሰፈሩ ዝርዝራችን በቁመት የተሠራ ነው ያልነው እንግዲህ የእኛ ብቻ ስሕተት አይደለም።

በካናዳ የልደት ቀን የተመዘገበ ስለሆነ ስሕተቱ ሊቈጠር ቻለ። በእኛ አገር ግን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2016 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ብዙ ልጅ የሚያውቀው በየትኛው በዓል ሰሞን እንደ ተወለደ ብቻ ነው። ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር በ1980 በሞስኮ በ5 ሺሕና በ10 ሺሕ ሜትር ድርብ ወርቅ ሲያገኝ፣ የውጭ ጋዜጠኞች ስለ ዕድሜው የተለያየ ቍጥር ይጽፉ ነበር። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሆኑት የዓለም ውድድር የእጅ አንጓ አጥንትን በማግኔት መሣሪያ ማስመርመር መጀመሩ ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ዕድሜው በእርግጥ ሳይታወቅ በዕድሜ ክፍል ደረጃ የሚሰጥበት ዝርዝር ግን መሠረቱ አሸዋ ነው። ከሁሉ የሚጐዳውም ዕድሜውን በእውነት የተናገረው ትንሽ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ሩጫ እንመለስ፤ የአገራችን እውነተኛ ፈተና እርሱ ነውና። በወጣትነት የወጡት ብዙዎች ናቸው። ደራርቱ ቱሉ በ1990 በፕሎቭዲቭ የዓለም ወጣቶች የ10 ሺሕ ሜትር አሸናፊ ሆና በ1992 በባርሴሎና የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1992 በሴኡል የወጣቶችን 5 ሺሕና 10 ሺሕ ሜትር አሸነፈ። ቀነኒሳ በቀለ በ2001 በኦስተንድ የወጣቶችን አገር አቋራጭ አሸንፎ በአዋቂዎቹ አጭር ርቀትም ሁለተኛ ወጣ። ሰለሞን ባረጋ በ2016 በቢድጎሽች የወጣቶች የ5 ሺሕ ሜትር አሸናፊ ነበረ፤ በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክም የ10 ሺሕ ሜትር ወርቅ ወሰደ። እነዚህን ብቻ ያነበበ ሰው «ደገኛ ወጣት ደገኛ አዋቂ ይሆናል» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ነገር ግን ይህ አነጋገር አንድ ጉድለት አለበት፤ የሚቈጥረው የደረሱትን ብቻ ነው። በየዓመቱ ከእነዚህ ጋር አብረው ተሰልፈው፣ አንዳንዴም ቀድመዋቸው ገብተው፣ ዛሬ ስማቸውን የማናስታውሰው ስንት ናቸው? ከመድረሻው ወደ ኋላ የሚቈጠር ታሪክ ሁልጊዜ ያማረ ነው። ትክክለኛው መንገድ ከመነሻው ዝርዝር ጀምሮ እያንዳንዱን ስም ወደ ፊት መከተል ነው።

በሌላ በኩል በወጣትነታቸው በማናቸውም ዝርዝር ላይ ያልተገኙ አሉ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲያሸንፍ የ28 ዓመት ሰው ነበረ። ሻምበል ማሞ ወልዴ በ1968 በሜክሲኮ ከተማ ማራቶንን ያሸነፈው በ36 ዓመቱ ነው። ሁለቱም ያደጉት በክብር ዘበኛ ውስጥ ነው፤ ይኸውም በአዋቂነት ለመጣ ሰው በሩ ክፍት የነበረበት ቤት ነው። ዛሬ አንድ የ22 ዓመት ወጣት ከገጠር መጥቶ «ልሩጥ» ቢል፣ በየትኛው በር ይገባል? ይህን ጥያቄ የዝርዝር ጸሐፊዎች ሊመልሱልን ይገባል።

የአበበ ነገር ሌላም ትምህርት አለው። በሰፊው እንደሚነገረው፣ አበበ ወደ ሮም የሄደው ዋሚ ቢራቱ በመታመሙ በምትክነት ነው። ከ64 ዓመት በኋላ በ2024 በፓሪስ ነገሩ ተደገመ። ታምራት ቶላ በተጠባባቂነት ተመዝግቦ ሳለ ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ሲቀር ተተካ፤ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድም የኦሊምፒክን ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። ከዚህ ተነሥተን መራጮቹን አንወቅስም፤ ሲሳይ ለማ በዚያው ዓመት ቦስተንን ያሸነፈ የታወቀ ሯጭ ነው፤ ታምራትም በ2022 የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2023 የኒው ዮርክ አሸናፊ ስለነበረ ያልታወቀ ሰው አልነበረም። የምንለው ይህን ነው፦ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ያለው ልዩነት እንደ ፀጉር የቀጠነ ሲሆን፣ ተራ ቍጥር ግን እንደ ግድግዳ አቁሞ ያሳየናል። አንዱ ይሄዳል፤ ሌላው ይቀራል።

እንግዲህ ዝርዝር ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም። ቦታ ጥቂት ሲሆን መምረጥ ግድ ነው፤ ያለ ዝርዝር የሚደረግ ምርጫም ለዘመድና ለአማላጅ በር ይከፍታል። ነገር ግን የተሻለ ምሳሌ በአገራችን አለ። በአርሲ በበቆጂ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆነው ለብዙ ዓመታት ልጆችን ሲያስሮጡ ኖረዋል፤ ከእጃቸውም ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። የእርሳቸው ጥቅም ዓይናቸው ከሌላው ዓይን መሳሉ ብቻ አይመስለንም። አንድን ልጅ አንድ ቀን ሳይሆን ዓመት ከዓመት ያዩታል፤ ስለዚህ የት እንደ ደረሰ ብቻ ሳይሆን ከየት ተነሥቶ እንደ ደረሰ ያውቃሉ። ፈታኙ የሚያየው ነጥብ ነው፤ መምህሩ የሚያየው መስመር ነው።

ስለዚህ ለዝርዝር አዘጋጆች አራት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከስሙ አጠገብ የልደቱ ወርና የሠለጠነበት ዘመን ይጻፍ፤ ሦስት ዓመት የሠለጠነና ሦስት ወር የሠለጠነ እኩል ቢገቡ ሁለተኛው የበለጠ ተስፋ ይኖረዋልና። ሁለተኛ፣ በጥቂቱ የሚለያዩ ልጆች በአንድ ማዕረግ ይመደቡ እንጂ ያለ ማስረጃ አይቀዳደሙ። የሆኪው ጽሕፈት ቤት እንኳ በረኞችንና ሜዳ ተጫዋቾችን፣ የአሜሪካንና የአውሮፓን ልጆች በተለያየ ዝርዝር ይጽፋል፤ የማይነጻጸረውን አለማነጻጸር እውቀት ነው። ሦስተኛ፣ የቀረው ልጅ በሚቀጥለው ዓመትና ከዚያም በኋላ እንደ ገና የሚታይበት ቀን ይወሰን። አራተኛ፣ ዝርዝሩ አይጣል፤ አሥር ዓመት ተጠብቆ ይነበብ፤ ጸሐፊውም በስሕተቱ ይማር። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ለተማሪዎች የሚመጥን ሥራ ነው፤ የቆዩ የውድድር ዝርዝሮችን አውጥቶ ስሞቹን አንድ በአንድ ለመከተል ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ አያሻም።

የወሎ ሰፈሩን ነገር ሳንጨርስ አንተው። በዝርዝራችን የመጨረሻ ያደረግነው ልጅ በየማታው ጎል ሲቆም ሰነበተ። ኳስ ስለሚበዛበት መያዝ ተማረ፤ ከድንጋዮቹ መካከል ሆኖ ሜዳውን ሁሉ ስለሚያይ ጓደኞቹን በጩኸት ማሰለፍ ጀመረ። ባየንበት በመጨረሻው ማታ አምበሉ ሦስተኛ አድርጎ ጠራው፤ እርሱም ለመጠራቱ ስላላመነ ሁለተኛ እስኪጠራ ድረስ ቆሞ ቀረ። አንድ ልጅ ማስረጃ አይሆንም፤ ይህን እናውቃለን። ነገር ግን ያ አምበል ዝርዝሩን አሻሽሏል፤ የእኛ ዝርዝር ደግሞ በደብተራችን ውስጥ እንደ ተጻፈ አለ፤ የልጁም ስም እስከ ዛሬ ከታች ነው።