የሚተነፍስ ሣጥን

ዕቃ ማሸግ የለመደ ሰው ድራይ አይስ ሲሰጡት እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፕላስተሩ ነው። ክዳኑን ያጠብቃል፣ ክፍተቱን ይደፍናል፣ አላምነው ካለም አንድ ዙር ይደግማል። ለበርበሬ፣ ለማር፣ ለብርጭቆ ዕቃ ደግ ልማድ ነው። ድራይ አይስ ላይ ግን ፈንጂ መሥራት ይሆናል። እኔ የላቦራቶሪ ናሙና አሽጌ ወደ ውጭ በመላክ ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ አዲስ ባልደረባ በመጣ ቁጥር የማስተምረው ነገር ግማሹ ይህን ልማድ ማስጣል ነው። ሣጥኑ ቅዝቃዜውን ይያዝ፣ ጋዙን ግን ይልቀቅ።

ድራይ አይስ የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ ውሃ ሳይወጣው በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣል። አንድ ኪሎው 540 ሊትር ገደማ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ቁጥር ግን ለባሕር ጠረፍ ሰዎች የተጻፈ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ያው አንድ ኪሎ ወደ 700 ሊትር ይሰፋል። በዚያው ምክንያት በረዶው ራሱ ወደ 82 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፦ 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚያቀዘቅዘው የላቦራቶሪ ዲፕ ፍሪዘር እንኳ ለእኛ በረዶ ሞቃት ቤት ነው። እዚያ ብታስቀምጡትም ቀስ እያለ ያልቃል። የቤት ፍሪዘርማ አይነሳ፤ በረዶውን አያቆየውም፣ ጋዙን ግን አምቆ ይይዛል።

ስለዚህ ድራይ አይስ የሚቀመጠው ወፍራም ግድግዳ ባለው፣ ክዳኑ በራሱ ክብደት ብቻ በሚዘጋ ሣጥን፣ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ነው። ምድር ቤት አይሆንም። በር ተዘግቶበት የሚሠራ ቀዝቃዛ ክፍልም አይሆንም፤ «ቀዝቃዛ ስለሆነ ይቆይልናል» ብሎ እዚያ መደርደር የዋህነት ነው፤ ያ ክፍል የተሠራው አየር እንዳያስገባ ነውና። ጋዙ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ከትልቁ ማጠራቀሚያ ሥር የቀረችውን በረዶ ለመጥረግ ጭንቅላቱን አስገብቶ የሚያጎነብስ ሠራተኛ ሳይ አፌን አላቅብም፤ እጀታው ረጅም የሆነ መዛቂያ አለ፣ እሱን ይጠቀም።

ጓንትስ? አዎ፣ ወፍራምና ሰፊ ይሁን፤ ቆዳው ተቃጠለ ብሎ ሲሰማው ሰውየው ሳብ አድርጎ እንዲያወልቀው። ስስ የላቦራቶሪ ጓንት ምንም አይመክትም። ድፍኑን በረዶ የሚሰብር ሰው መነጽር ያድርግ፣ ስብርባሪው ይፈናጠራልና። እጅን ስለሚያቃጥለው ብርድ ግን ከዚህ በላይ ማውራት አልወድም፤ ሁሉም ይፈራዋል፣ የተፈራ ነገር ደግሞ ጥንቃቄ አያጣም። ገዳዩ የማይታየው ነው። ከበረዶው ላይ የሚንሳፈፈው ነጭ ጉም፣ በሠርግ አዳራሽ ሙሽሮቹ እግር ሥር የሚነጠፈው፣ በቅዝቃዜው ወደ ጥቃቅን ጠብታ የተለወጠ የአየር እርጥበት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ራሱ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጉሙ ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ያስጠነቅቃል። ሲበዛ አፍንጫን ይቆነጥጣል፤ አምቦ ውሃ ቸኩሎ የጠጣ ሰው ያውቀዋል፣ ጋዙም ያው ነው። ከዚያ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ራስ ይመታል። በንጹሕ አየር ውስጥ ድርሻው 0.04 በመቶ ገደማ ነው፤ ለስምንት ሰዓት ሥራ የሚፈቀደው 0.5 በመቶ ነው፤ 4 በመቶ ላይ ቶሎ መውጣት ግዴታ ነው፤ ከ10 በመቶ ሲያልፍ በደቂቃዎች ውስጥ ራስን ያስታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አይስክሬም በሚያከፋፍል ሰው መኪና ውስጥ ድራይ አይስ የያዙ ሣጥኖች ተቀምጠው ነበር። መኪናዋን ይዘው የወጡት ሁለት ሴቶች ራሳቸውን ስተው ተገኙ፤ አንዷ አልተረፈችም። ሣጥኖቹ አልፈነዱም፣ ማንም በረዶውን አልነካም። የሆነው ይህ ብቻ ነው፦ መስኮቱ ተዘግቶ ነበር።

ይህን የማነሳው በእኛም ከተማ ከላቦራቶሪ እስከ ቦሌ ካርጎ ያለው መንገድ አንዳንዴ ከበረራው በላይ ስለሚያስጨንቀኝ ነው። ክረምት ላይ መኪናው በትራፊክ ተይዞ ሲቆም ሾፌሩ «ጋሼ፣ ዝናቡ እየገባ ነው፣ መስኮቱን ልዝጋው?» ይለኛል። «ይግባ፣ አንተ ብቻ አትዝጋው» እለዋለሁ። ፒካፕ ከተገኘ ጭነቱ ከኋላ፣ ሸራ ሥር ይሆናል፤ ክርክሩም ይቀራል።

ወደ እሽጉ ልመለስ። ናሙናው በመጀመሪያ ፍንጣቂ በማያሳልፍ ዕቃ ውስጥ ይገባል፣ እሱም በሁለተኛ ዕቃ ውስጥ፤ በረዶው የሚፈሰው ከሁለተኛው ዕቃ ውጭ፣ በፎም ሣጥኑ ውስጥ ነው። ጥብቅ ክዳን ባለው ነገር ውስጥ አንዲት ፍሬ ድራይ አይስ አትገባም። እንክብሉን ከድፍኑ እመርጣለሁ፤ ቶሎ ያልቃል፣ እውነት ነው፣ ግን በናሙናው ዙሪያ ክፍተት አይተውም። ከላይ ያለው ይብዛ፣ ብርድ ወደ ታች ይወርዳልና። ክፍተት ከቀረ ወረቀት ጨምድዳችሁ ሙሉት። ሁለተኛው ዕቃ ደግሞ በካርቶን ድጋፍ ይታሰር፤ በመንገድ ላይ በረዶው እያለቀ ሲሄድ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ያልተደገፈ ናሙናም እየተንከባለለ ይሰበራል። የፎሙ ክዳን ይቀመጣል እንጂ አይለጠፍም። የውጪው ካርቶን በፕላስተር ይያዝ፣ ግን ዙሪያውን አይደፈን።

የፎም ሣጥን እንደ ውፍረቱና እንደ መጠኑ በቀን ከ2 እስከ 4 ኪሎ ተኩል ሊያስመልጥ ይችላል። ይህ ሰፊ ልዩነት ነው፤ ለዚህ ነው ከሙቀት መለኪያ ይልቅ ሚዛን የማምነው። መለኪያው የመጨረሻዋ እንክብል እስክታልቅ ድረስ ያንኑ ቁጥር ይላል፤ መሞቅ ጀመረ ሲላችሁ ረፍዷል። ሚዛን ግን በየማለዳው ስንት እንደቀነሰ ይናገራል። አዲስ ዓይነት ሣጥን ሲመጣ ሞልቼ፣ ጥግ ላይ አቁሜ፣ በየቀኑ ያው ሰዓት ላይ እመዝነዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የዚያን ሣጥን ጠባይ አውቃለሁ። ሒሳቡ በበረራ ሰዓት አይደለም። ጉምሩክ አለ፣ ቅዳሜና እሑድ አለ፣ የእኛ በዓልና የእነሱ በዓል አለ። በድምሩ ላይ ግማሹን ጨምሬ እሞላለሁ፣ ሐሙስና ዓርብም አልልክም።

ካርቶኑ ላይ የ9ኛ ምድብ አደገኛ ዕቃ ምልክት፣ ዩኤን 1845 የሚለው ቁጥር፣ የዕቃው ስምና የበረዶው የተጣራ ክብደት በኪሎ ይሰፍራል፤ የበሽታ ናሙና ከሆነ እንደ ዓይነቱ የራሱ ምልክት፣ ለምሳሌ ዩኤን 3373፣ ይጨመራል። አንዳንዱ ክብደቱን አሳንሶ ይጽፋል፣ ጣጣ የሚቀንስ መስሎት። ያ ቁጥር የተጻፈው ለአውሮፕላኑ ነው፤ ጭነቱ ውስጥ ውሻ ወይም ጫጩት ካለ የት እንደሚቀመጥ የሚወሰነው በእሱ ነው። በጉዞ ላይ ትንሽ ይዘው ለመሄድ የሚያስቡ ደግሞ ይወቁት፦ ለአንድ መንገደኛ የሚፈቀደው እስከ 2.5 ኪሎ ነው፣ ያውም አየር መንገዱ አስቀድሞ ከተስማማ።

ሣጥኑ ሲደርስ የቀረውን በረዶ ሰው በማይነካው ደጅ ላይ ትቶ እስኪጠፋ መጠበቅ ነው። ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ከጣሉት ቧንቧ ይሰነጥቃል፣ ውሃ ላይ ሲጣል ደግሞ ጋዙ በአንዴ ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሞስኮ ውስጥ ለልደት ድምቀት ተብሎ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ተጥሎ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ተቀባዩ ናሙናውን በጉጉት ወዲያው ማቅለጥም የለበትም። ክዳኑ በደንብ ባልጠበቀ ቱቦ ውስጥ ጋዝ ሰርጎ ይገባል፤ ሲቀልጥ ከፈሳሹ ጋር ተዋህዶ አሲድ ያደርገዋል፣ ቫይረስ ያለበትን ናሙና ያበላሻል። ቱቦዎቹን ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሮ ጋዙ እንዲወጣላቸው ማድረግ፣ ከዚያ ማቅለጥ። ይህን በእያንዳንዱ ሣጥን ክዳን ሥር በወረቀት ጽፌ አኖራለሁ፤ ሳያነቡ የሚከፍቱም አሉ።