«ሦስተኛው ተዋጊ»ና የቆረም ጩኸት

በ1928 ዓ.ም. ጦርነት የቀይ መስቀል መልእክተኛ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የስዊስ ሐኪም ማርሴል ዡኖ፣ ያየውን «ሦስተኛው ተዋጊ» ብሎ በፈረንሳይኛ ጽፎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 አሳተመው። ከመጽሐፉ ሁሉ የሚልቀው የቆረም ገጽ ነው። በመርዝ ጢስ የተቃጠሉት ሰዎች «አቤት! አቤት!» ሲሉ፣ ሐኪሙ በእጁ መድኃኒት አልነበረውም። ለባዕድ ጆሮ ጩኸቱ የምሕረት ልመና ይመስላል። በአሰበ ተፈሪ፣ በዛሬዪቱ ጭሮ፣ ወይም በሜኤሶ ችሎት የቆመ አንባቢ ግን አቤት የሚባለው ለዳኛም እንደ ሆነ ያውቃል፤ ቁስለኞቹ ፋሻ ብቻ ሳይሆን ፍርድም ለምነዋል። ፍርድ ደግሞ ከሐኪም እጅ አይገኝም፤ የበጎ ፈቃደኛው ሸክም የከበደው በዚህ ነው። ዡኖ ኋላ በእስፓኝ እስረኞችን አስለውጦ ከዘመዶቻቸው ሲያገናኝ የድካሙን ዋጋ አግኝቷል፤ ይህንም ደኅና አድርጎ ተርኮታል። ሆኖም ያ ደስታ የቆረምን ገጽ ከአንባቢ ልቡና አያወጣም።