ማሰሪያ አንቀጹ ይደር

በአንድ የንባብ ምሽት ላይ ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረች ወጣት ነርስ «ጋሼ፣ በቀን ስንት ገጽ ልጻፍ?» ብላ ጠየቀችኝ። አፌን ከመክፈቴ አጠገቤ የተቀመጠው የረጅም ዘመን ወዳጄ፣ እሱም ደራሲ ነው፣ «ገጽ አትቁጠሪ። ሲመጣልሽ ብቻ ጻፊ፤ ሲመጣ ደግሞ እስኪነጋ አትነሺ» አላት። በዚህ ጉዳይ ስንከራከር ሁለታችንም ሸብተናል።

የወዳጄ መንገድ የምርቃና መንገድ ነው። ጫቱን ይዞ በሩን ይዘጋል፤ ሲነጋ ደብተር ሙሉ ጽፎ ይወጣል። ከዚያ ለሳምንታት ብዕር አያነሣም። በዚያ ሌሊት ከሚጻፈው መሀል የሚያምር ነገር የለም አልልም፤ አለ። እኔን የሚያናድደኝ እስኪደርቅ ድረስ መጻፉ ነው። ያለውን ሁሉ አራግፎ፣ ምዕራፉን ዘግቶ፣ አራት ነጥቡን አሳርፎ ይተኛል። በማግሥቱ ምን ይዞ ይቀመጥ? ባዶ ገጽ ይጠብቀዋል። ስንቱን ጎበዝ ጀማሪ ከጽሑፍ ሲያስኮበልል ያየሁት ይኸው ባዶ ገጽ ነው።

ቁጥር ለሚወዱ እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ አለላቸው። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይቀመጥና የእጅ ሰዓቱን ፊቱ አድርጎ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፍ ነበር። ይህን የነገረን ራሱ ነው፣ ከሞተ በኋላ በ1883 እ.ኤ.አ. በታተመው ግለ ታሪኩ። ሰው ሁሉ 250ዋን ይዞ ይሮጣል። እዚያው ላይ የጻፈውን ሌላ ነገር ግን ማንም ሲያነሣው አልሰማሁም፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት የሚያሳልፈው የቀደመውን ቀን ጽሑፍ እያነበበ፣ የቃላቱን ድምፅ በጆሮው እየመዘነ ነበር። መያዣ ይፈልግ ነበር ማለት ነው። ሄሚንግዌይም ቀጥሎ የሚሆነውን እያወቀ ነበር የሚያቆመው።

እኛ አማርኛ ጸሐፊዎች ደግሞ ከሁለቱም የተሻለ ማቆሚያ አለን። ቋንቋችን ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ሰውየውን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ምክንያቱን ሁሉ ደርድረን ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ነገሩ በአየር ላይ ይቆያል። እዚያ ላይ ብዕሩን ማስቀመጥ ነው። በኅዳጉ ላይ ማስታወሻ አያስፈልግም። «ይረሳኛል» የሚሉኝ አሉ፤ የሚረሳ ግሥ ቢቀርም አይጎዳም።

አንድ ጊዜ ማንበብ ስለማትችል እናት እየጻፍኩ ነበር። ልጇ ከቤሩት የላከችው ደብዳቤ ደርሷታል። «ፖስታውን ተቀብላ፣ አገላብጣ አይታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣» ከሚለው ላይ ስደርስ ተነሣሁ። ያኔውኑ ብዘጋው «አለቀሰች» ብዬ ነበር የምዘጋው፤ እጄ ወደዚያው እያዘነበለ ነበር። በማግሥቱ ስመለስ ሴትዮዋ ፖስታውን ረከቦቱ ሥር ሸጉጣ ቡናዋን መቁላት ጀመረች። ማን ያንብብላት? የጎረቤት ልጅ ብትጠራ መንደሩ ሁሉ ሊሰማ ነው። የቀረው ታሪክ በሙሉ ከዚያ ረከቦት ሥር ወጣ። አዳር ባይገባበት ኖሮ አንዲት የምታለቅስ እናት ነበር የሚኖረኝ፤ እሷን ደግሞ ሌሎች ብዙ ጊዜ ጽፈዋታል።

ስለሚጻፍበት ሰዓት ብዙ የምለው የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ ዕድሜያቸውን በዲፕሎማሲና በመንግሥት ሥራ ያሳለፉ ሰው ነበሩ። በዓሉ ግርማም በ1975 «ኦሮማይ» ሲወጣ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። ሥራ አለብኝ ማለት ምክንያት አይሆንም። ነርሷ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት ተረኛ ናት፤ ቋሚ ሰዓት ከየት ታምጣ? «ከተረኝነት ወጥተሽ፣ ከመተኛትሽ በፊት» አልኳት። ሩብ ሰዓት ትበቃለች፣ ያልታሰረ ዓረፍተ ነገር እስከተረፋት ድረስ። በስልክም ትጻፈው በደብተር ግድ የለኝም።

እኔ መምህር ነበርኩ። የፈተና ወረቀት ሳርም፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ያቺ ያልተዘጋች መስመር አብራኝ ትውል ነበር። ደመወዝ ከወር ወር በማይደርስበት ዘመን የኔ ብዬ የምጠራው፣ ማንም የማይነካብኝ አንድ ያላለቀ ነገር ነበረኝ። አባቴ ያረፈ ጊዜ ለቅሶው አብቅቶ ዘመድ ወዳጅ ሲበተን ደብተሩን ገለጥኩ። አዲስ ነገር ለመጀመር አቅሙም ፍላጎቱም አልነበረኝም። የቆየኝ አባቴ በሕይወት ሳለ የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር ነው። ግሡን ጻፍኩለት። ከዚያ የሚቀጥለውን ጻፍኩ። በዚያ ወር ካደረግሁት ሁሉ በእግሬ ያቆመኝ እሱ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኑ ሙሉ የኔ ነው። ወዳጄ «እንግዲህ ጊዜ ሞልቶሃል፤ እስኪወጣልህ ጻፍ» ይለኛል። አልጽፍም። ጠዋት ትንሽ እሠራና እነሣለሁ። ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ስወጣ፣ መንገድ ላይ ግሡ ራሱ መጥቶ ቁጭ ይላል፤ ያኔ የሚሰማኝን ደስታ በማንኛውም የምርቃና ሌሊት አልለውጠውም።