«ብቸኛ ሴት»ና ሰሚዋ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚገኘው ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፍቼ ጫምባላላን በአንድነት የሚያከብርበት አደባባይ ነው። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በሲዳማ የሽማግሎች ሸንጎ ነገር የሚከፈተው «አፊኒ» በሚል ቃል ነው፤ «ሰማችሁን?» ማለት ነው። ስለ አንድ የአውሮፓ ተውኔት ልንናገር ከዚህ ቃል መነሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ተውኔቱ ሰሚ የምትፈልግ የአንዲት ሴት መነባንብ ነውና።

ተውኔቱ የጣሊያኖቹ የፍራንካ ራሜና የዳሪዮ ፎ ሥራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. በሚላኖ ከሌሎች የሴቶች መነባንቦች ጋር ለመድረክ በቅቷል። የተጫወተችውም ራሷ ራሜ ነበረች። ቫሌሪያ ታስካ ወደ ፈረንሳይኛ ከመለሰችው ወዲህ «ዩን ፋም ሴል» በሚል ርእስ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የተሰጠው ለፎ ብቻ መሆኑንና የዕድሜ ልክ የሥራ ጓደኛው ራሜ መሆኗን ለሚያስታውስ አንባቢ፣ ርእሱ ከመድረክ ውጭም ትርጉም ሳይኖረው አይቀርም።

ሴትየዋ ባሏ ቆልፎባት የሄደ የቤት እመቤት ናት። ልብስ ስትተኩስ በመስኮቱ ማዶ አዲስ ጎረቤት ታያለች፤ ደስታዋም ወሰን ያጣል። ወሬዋን የምትጀምረው ከሀብቷ ነው፦ ማቀዝቀዣ አላት፤ የልብስ ማጠቢያ መኪና አላት፤ ምንም አልጎደለባትም። ቀስ በቀስ ግን የጎደለው እየወጣ ይሄዳል። ባሏ ይመታታል፤ በስልክ እየደወለም ከቤት አለመውጣቷን ይቆጣጠራል። ከአንድ እጁ በቀር መላ አካሉ በጀሶ የታሸገ የባሏ ወንድም በዚያችው እጁ ይዳብሳታል። ከማዶ አንዱ በመነጽር ያያታል፤ ሌላው በስልክ ብልግና ይናገራታል። በመጨረሻ ጠመንጃ አንሥታ፣ ወደ በሩ አነጣጥራ፣ የባሏን መምጣት ትጠብቃለች።

የተውኔቱ ዋና ጥበብ ጎረቤቲቱን ማሰወሩ ነው። በመድረክ ላይ አትታይም፤ ድምፅዋም አይሰማም፤ ቦታዋ የተመልካቹ ወንበር ነው። ተመልካቹ በሴትየዋ የዋህነት እየሳቀ ሳለ ምስጢሯን የምትነግረው ለእርሱ መሆኑን ይገነዘባል። ከዚያ በኋላ ሳቁ ከጉሮሮው አይወርድለትም። አንድ ተዋናይ ብቻውን መድረክ ይዞ ሕዝብን ማቆየት መቻሉ በአገራችንም በበረከት በላይነህ «እያዩ ፈንገስ» በግሩም ዘነበ አጨዋወት የታየ በመሆኑ፣ ቅርጹ ለተመልካቻችን እንግዳ አይሆንበትም።

ስለ ትርጉሙ ጥቂት እንበል። በፈረንሳይኛ «ሴል» የሚለው ቅጽል ከስሙ ኋላ ሲውል ብቸኝነትን፣ ከስሙ ፊት ሲውል ቁጥርን ያመለክታል። የጣሊያንኛው «ሶላ»ም ጠባዩ ይኸው ስለሆነ ርእሱ ሳይጎድልበት ተሻግሯል። አማርኛው ግን ጥንቃቄ ይሻል። «ብቻዋን የምትኖር ሴት» ብንል ባል የሌላት ትመስላለች፤ የዚህች ሴት ችግር ደግሞ ሰው በሞላበት ቤት ውስጥ ብቸኛ መሆኗ ነው። «ብቸኛዋ ሴት» ብንል እንደ እርሷ ያለች ሌላ የለችም ያሰኛል፤ ይህም ሐሰት ነው። «ብቸኛ ሴት» የሚለው ይሻላል እንላለን።

ከዚህ የሚከብደው የአጠራር ጉዳይ ነው። ፈረንሳይኛ «ቩ»ና «ቲዩ» እንዳሉት ሁሉ አማርኛም «እርስዎ»ና «አንቺ» አሉት። በሐዋሳ አንዲት ሚስት ለማታውቃት ጎረቤት በመጀመሪያ «እርስዎ» ማለቷ ተገቢ ነው። ገበናዋን ስትገልጥ ግን «እህቴ፣ አንቺ» ማለቷ አይቀርም። አጠራሩ የሚለወጥባትን ቅጽበት በትክክል ያገኘ ተርጓሚ ተውኔቱን ከነነፍሱ ተረጎመ ይባላል።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን የሰሚዋን ማንነት እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 63 በመቶዎቹ ባል ቢያንስ በአንድ ምክንያት ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ማለታቸውን መዝግቧል። ይህን ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት በግልጽ ያስቀጣል፤ ሆኖም «በባልና በሚስት መካከል አይገባም» የሚለው ብሂል ከሕጉ ቀድሞ ደጅ ይደርሳል። እንግዲህ በመስኮቱ ማዶ ያለችው ጎረቤት ራሷ «ምን አጠፋሽ?» ብላ የምትጠይቅ ልትሆን ትችላለች።

በዚህ ረገድ ሲዳማ ለተውኔቱ የሚያቀርበው መልስ አለው። «ያካ» የሚባለው የሴቶች ኅብረት፣ ሴት ስትበደል «ቃሪቴ» በምትባል መሪ ተጠርቶ፣ «ሲቆ» የተሰኘውን በትር ይዞ በጋራ ይወጣል፤ በዳዩም በሽማግሎች ፊት ቀርቦ ካሣ እንዲከፍል ያደርጋል። የባህል ዳኝነት ሁሉ ለሴት ይበጃል ማለታችን አይደለም፤ በየአካባቢው ሽምግልና የተደበደበችውን ሴት አስታርቆ ወደዚያው ቤት ሲመልሳት እናያለንና። ያካ የሚያስተምረው ግን ቁም ነገር አለ፦ የአንዲቷን እሮሮ የሰሙ ሴቶች ተነሥተው ይሄዳሉ።

የተውኔቱ ጉድለትም ከዚሁ ላይ ይታየናል። ጎረቤቲቱ ትሰማለች፣ ትመክራለች፤ ነገር ግን ከመስኮቷ አትነሣም። ጠመንጃው ተመልካቹን ያስቃል፣ ያስጨበጭባል፤ በሩ ግን እንደተቆለፈ ነው። ሴትየዋም ከነመሣሪያዋ በዚያው ቤት፣ ብቻዋን ናት። ደራስያኑ ይህን አያውቁትም አንልም። ባልየው ሳይመጣ መጋረጃው መዘጋቱ ፍርዱን ለተመልካች የመተው ዘዴ ነው። የሚላኖ ተመልካች አጨብጭቦ ወደ ቤቱ መሄድ ይችል ነበር። ጉዱማሌ ላይ፣ በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ፣ ተመልካቹ ከብቧት ተቀምጦ ተዋናይቱ ንግግሯን «አፊኒ» ብላ ብትከፍት ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። በዚያ አገር ሸንጎ ሰምቻለሁ ያለ ሰው እንዳልሰማ ሆኖ አይሄድምና።