የሐና ሸማና የጦብያ ውሻ

በአገራችን ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጳጉሜን 3 ቀን፣ የሩፋኤል ዝናብ በሚጠበቅበት ዕለት የጦቢት ታሪክ ይነሣል። አብዛኞቻችን ከልጅነታችን የያዝነው ዓሣውን፣ የዓሣውን ሐሞትና የሽማግሌውን ዐይን መብራት ነው። ሰባኪውም የሚያተኩረው በመልአኩ ላይ ነው። በዚህ ገጽ ግን መጽሐፈ ጦቢትን እንደ አንድ የስደት ድርሰት ይዘን፣ እምብዛም የማይነሡ ሁለት ነገሮችን እንመረምራለን፤ የጦቢት ሚስት ሐና የሠራችውን ሸማና የልጃቸውን የጦብያን ውሻ። ሃይማኖቱ የተለየ አንባቢም ቢሆን፣ ታሪኩ የስደተኛ ቤት ታሪክ ነውና እንደ ራሱ ቤት ይግባበት።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ጦቢት ከወገኖቹ ጋር ተማርኮ ወደ ነነዌ የተወሰደ ሰው ነው። በመጀመሪያ ለንጉሡ ዕቃ እየገዛ ደኅና ይኖር ነበር። የተገደሉ ወገኖቹን በስውር በመቅበሩ ተከሰሰ፤ ሸሸ፤ ንብረቱም ተወረሰ። ንጉሥ ተለውጦ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ዳግመኛ ሬሳ ቀበረ፤ በዚያው ሌሊት ከግቢው ግንብ ሥር ተኝቶ ሳለ የወፍ ኩስ ዐይኑ ላይ ወድቆ ታወረ። ዘመድ ለጊዜው ደገፈው፤ ዘመድም ወደ ሌላ አገር ሄደ። ከዚህ በኋላ ቤቱን ያቆመችው ሐና ናት። ለሰው በዋጋ ትሠራለች፤ ሠርታም ለባለቤቶቹ ትልካለች።

ከዚህ ላይ ስለ ቅጂዎቹ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ዋናዎቹ የግሪክኛ ቅጂዎች አንዱ አጭር፣ ሌላው ረጅም ናቸው። በ1952 እ.ኤ.አ. በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን 4ኛ ዋሻ የተገኙት የአራማይክና የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች በአብዛኛው ወደ ረጅሙ ይቀርባሉ። አጭሩ ቅጂ ሐና የሴቶችን ሥራ ትሠራ እንደነበር ጠቅሶ ያልፋል። ረጅሙ ግን ቀኑን ይነግረናል። ዲስትሮስ በተባለው ወር በ7ኛው ቀን ሐና የጨረሰችውን ሸማ ከድሩ ቆርጣ ላከች። ዲስትሮስ የመቄዶንያ ወር ነው፤ በእኛ የካቲትና መጋቢት አካባቢ ይውላል። በነነዌ አገር፣ ዛሬ ሞሱል ባለችበት በሰሜን ኢራቅ፣ ብርዱና ዝናቡ ከኅዳር እስከ መጋቢት ስለሆነ፣ ይህ የእነሱ ክረምት መገባደጃ ነው።

ደራሲው ጦብያ ከቤት የወጣበትን ቀን አልነገረንም። የሠርጉንም ቀን አልነገረንም። ሸማው የተቆረጠበትን ቀን ግን ነገረን። ሸማኔ ምክንያቱን ይረዳዋል፤ ሸማ የሚቆረጥበት ቀን የብዙ ሳምንት ድካም ገንዘብ የሚሆንበት ቀን ነው። ዐይን በታወረበት፣ ጎተራ በተራቆተበት ቤት እንዲህ ያለው ቀን አይረሳም።

አሠሪዎቹ ዋጋዋን ከፈሉ፤ በዚያም ላይ አንድ የፍየል ግልገል ጨመሩላት። ግልገሉ ቤት ሲገባ ጮኸ። ዕውሩ ጦቢት ሰማ። ከየት መጣ? የተሰረቀ እንዳይሆን፤ ለባለቤቱ መልሺ አላት። ከዋጋዋ በላይ የተሰጣት ስጦታ መሆኑን ብትነግረውም አላመናት። እሷም ያ ሁሉ ምጽዋትህና ጽድቅህ የት አለ ስትል ጠየቀችው። ጦቢት ይህን እንደሰማ አዝኖ አለቀሰ፤ ሞቱንም ለመነ። መልአኩ የሚላከው ከዚህ ጸሎትና በዚያው ቀን በሩቅ አገር ከተጸለየው ከሣራ ጸሎት የተነሣ ነው። እንግዲህ የታሪኩ ማጠፊያ ዓሣው ሳይሆን ሸማውና ግልገሉ ናቸው ብንል አላጋነንም።

አንድ ሌላ ነገር ልብ እንበል። እስከዚህ ድረስ ታሪኩን የሚተርከው ራሱ ጦቢት ነው፤ «እኔ» እያለ። ምጽዋቱን፣ ጾሙን፣ የቀበራቸውን ሙታን የቈጠረልን እሱ ነው። በራሱ አፍ ሚስቱን አለማመኑንም ነገረን። ከጸሎቱ በኋላ ግን «እኔ» የሚለው ድምፅ ይጠፋል፤ ትረካውን ሌላ ሰው ይረከበዋል። ደራሲው ይህን ያደረገው አስቦበት ይሁን አይሁን አናከራክርም። ሲነበብ የሚሰጠው ስሜት ግን ግልጽ ነው፤ በገዛ ሚስቱ ላይ የፈረደ ጻድቅ ከዚያ በኋላ ስለ ጽድቁ በራሱ አፍ መተረክ አልቻለም።

በአገራችን ልማድ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ነው። በነነዌ ግን ድሩን የዘረጋችው ሐና ናት። በመጠለያችን ብዙ እናቶችና እኅቶች የያዙት ሹራብ ነው፤ ሁለቱም ሥራዎች ለየቅል ናቸው። ሹራብ መርፌና ክር ካለ ራሽን ለመቀበል ተሰልፎም ይሠራል፤ የተበላሸው ተተርትሮ እንደገና ይጀመራል። ሽመና ቦታ ይፈልጋል፤ ድሩ ተወጥሮ መቆየት አለበት። በሰው አገር ድር የዘረጋ ሰው ቢያንስ ሸማው እስኪያልቅ እዚህ እኖራለሁ ብሎ የቆረጠ ሰው ነው። ጦቢት በልቡ ኢየሩሳሌም ሲኖር፣ በነነዌ ለመኖር የቆረጠችው ሐና ናት። ሹራብ ቢፈታ ዳግም ይሠራል፤ የተቆረጠ ሸማ ግን ወደ ድሩ አይመለስም። «መልሺ» የሚለውም ቃል አንዴ ከአፍ ወጥቷል።

ወደ ውሻው እንምጣ። ጦቢት በሜዶን ከሰው ዘንድ ያስቀመጠውን 10 መክሊት ብር አስታውሶ ልጁን ሊልክ ሲነሣ፣ ሐና አለቀሰች፤ ያለን ለኑሯችን ይበቃናል ስትል ተቃወመች። የሚበቃው ደግሞ እሷ በእጇ ያመጣችው ነው። ልጁ ግን ሄደ፤ አዛርያስ ነኝ ያለው መልአክ መራው፤ ውሻውም ተከተለ። በመመለሻው ውሻው እንደገና ይጠቀሳል። በቃ። ስም የለውም፤ አይጮኽም፤ ሌባ አያባርርም፤ ዓሣውንም አይይዝም።

ለተማሪዎች ድርሰት ስናርም ሥራ የሌለውን ገጸ ባሕርይ ሰርዙ እንላለን። ይህን ውሻ ግን አንሰርዘውም። ቅዱሳት መጻሕፍት ውሻን በአብዛኛው የሚያነሡት በንቀት ነው፤ እኛም ዘንድ ስሙ ስድብ ነው፤ ተረታችንም «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል። የጦብያ ውሻ ከተረቱ ውጭ ነው። የሚበላው ይኑር አይኑር ሳያውቅ ከቤት ወጥቶ፣ ከቤቱ ልጅ ጋር ወደዚያው ቤት ተመለሰ። በዚያ መንገድ መልአኩ እንኳ በሰው ስምና በሰው ዘር ተሸፍኖ ሲሄድ፣ እንደ ተፈጠረ ሆኖ የሄደው ውሻው ነው። መንገዱ ከየትኛው ደጅ እንደተጀመረም ያውቃል።

ላቲንኛ ተርጓሚው ሄሮኒሞስ ይህ ዝምታ ሳይከብደው አልቀረም። በእሱ ትርጉም ውሻው ቀድሞ ሮጦ ጅራቱን እየቆላ እንደ መልእክተኛ ይደርሳል። ሥዕሉ ደስ ያሰኛል፤ እኛ ግን ዝምተኛውን የግሪክኛ ውሻ እንመርጣለን፤ ምክንያቱም በግሪክኛው ቀድማ የምታይና የምትሮጥ ሐና ናት። በየቀኑ መንገዱን ስትመለከት የቆየችው እሷ ስለሆነች ደስታውን መቅደም የሚገባው ለእሷ ነው። በእጅ ለሚገለብጡልን ጓዶች ደግሞ አንድ ማስታወሻ፤ የረጅሙ ቅጂ ዋና ምስክር በሆነው የ4ኛው መቶ ዓመት የሲና ብራና ላይ፣ በግሪክኛ የ«ውሻ»ና የ«ጌታ» ቃላት አጀማመር ስለሚመሳሰል፣ በመመለሻው ላይ «ውሻው» በሚባልበት ስፍራ «ጌታ» ተብሎ ተጽፏል።

አሁን የመጽሐፉን ጉድለት እንናገር። መጨረሻው ላይ ሒሳብ ሁሉ ይዘጋል። ብሩ ተመለሰ፤ ሣራ ተዳረች፤ ዐይን በራ፤ ለመንገድ መሪው የሀብቱ እኩሌታ ይሰጥ ተባለ። የግልገሉ ሒሳብ ግን አልተዘጋም። ጦቢት ሐናን በድዬሻለሁ አላላትም። ሸማውም ዳግመኛ አልተነሣም። ልጁ እናቱን እንዲያከብር ከመንገዱ በፊት መክሯል፤ ምክሩ መልካም ነው፤ ይቅርታ ግን አይደለም። ሰው ያላመነውን ነገር አንድ መልአክ ሲያስተካክል ያየ ደራሲ፣ አንድ ባል ያላመነውን ነገር እንዳለ ትቶት ሄደ።

ይህን ጉድለት የምናነሣው ጥንታዊውን ደራሲ ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በዚህ ወረቀት የሚወጡት ትረካዎቻችንም በዚያው መንገድ የሚሄዱ ናቸው። የታሰረው፣ ድንበር የተሻገረው፣ ደብዳቤ የሚጠብቀው ወንድ ገጹን ይሞላል፤ ልጆቹን ያበላው ሹራብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ይባስ ብሎ ሴት ከዋጋዋ በላይ ጥቂት ነገር ይዛ ስትገባ «ከየት አመጣሽው?» የሚለው ጥያቄ በድርሰቶቻችን እንደ ቁም ነገር ይቀርባል። ጥያቄው የሚጎዳው እሷን ብቻ አይደለም፤ ጠያቂውንም ሞት አስለምኖታል።

ስለዚህ ለሚጽፉልን ሁሉ የምንለው ይህ ነው። ሸማው የተቆረጠበትን ቀን ጻፉ። ክሩ ከማን ተገዛ፣ ሹራቡ በስንት ተሸጠ፣ ዋጋው ምን ገዛ ብላችሁ ዘርዝሩ። ውሻም ካለ ያለ ሥራው ይግባ። ጦቢት ዐይኑ ሲበራ በመጀመሪያ ልጁን አየ፤ ይህ ተጽፏል። ዞር ብሎ የሐናን እጆች ሲያይ ግን አልተጻፈም። ያን ገጽ ከመካከላችን የሚጽፍ ሰው ከተገኘ፣ በሚቀጥለው እትም የመጀመሪያውን ቦታ እንለቅለታለን።