ሲኒማን መርምሮ ስለ ማየት

ማየትና መረዳት አንድ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሀዋሳ ሐይቅ ዳር የሚመላለሰው ሰው ሁሉ ውሃውን ሲያይ፥ ነፋሱ ወዴት እንደሚዞርና መረቡ የት መጣል እንዳለበት የሚያውቀው ዓሣ አጥማጁ ነው። ውሃው ለሁለቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ በተመልካቹ ልብ ነው። በሲኒማና በቴሌቪዥን የሚታየው ሥዕልም እንዲሁ ነው።

ስለ ሲኒማ ሲነገር ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሰማል። አንደኛው ወገን፥ ይህ ለጊዜ ማሳለፊያ የተሠራ ጨዋታ ነው፤ የሚያስቅ ከሆነ ይሳቅበታል፥ የሚያሳዝን ከሆነ ይለቀስበታል፥ ሲያልቅም ወደ ቤት ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ በር በተዘጋ፥ ዶሮ በጮኸ ቁጥር ምሥጢር አገኘሁ እያለ፥ ሥዕሉ ያላሳየውን ትርጓሜ ይደርብበታል። ፊተኛው የቀረበለትን ሳይቀምስ ከገበታ የሚነሣ እንግዳ ነው። ኋለኛው ግን ከራሱ ቤት ያመጣውን ስንቅ እየበላ የባለቤቲቱን ሙያ የሚያመሰግን ነው። ሁለቱም ምግቡን አላወቁትም።

የዚህ ስሕተት መድኃኒት ከሩቅ አገር የሚፈለግ አይደለም። በቅኔ ቤት ሰሙን በደንብ ሳይፈታ ወርቁን ልናገር የሚል ተማሪ አይመሰገንም፤ ወርቁ የሚወጣው ከሰሙ ውስጥ ነውና። የሲኒማም ሰም ለዐይን የቀረበው ነገር ሁሉ፥ ይኸውም ሰውየው የያዘው በትር፥ ከኮረብታው ላይ የቆመው ድንጋይ፥ የልጁም ዝምታ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆን «ጤዛ» የተባለው የኃይሌ ገሪማ ሥራ ነው። ኃይሌ ገሪማ በጎንደር ተወልደው በአሜሪካ የተማሩና በዋሽንግተን በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን ያስተማሩ ሲሆኑ፥ አባታቸው ገሪማ ታፈረም ተውኔት ደራሲ፥ የአርበኞችንም ታሪክ «ጎንደሬ በጋሻው» በሚል መጽሐፍ የጻፉ ሰው ነበሩ። «ጤዛ» እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰትን ሽልማት፥ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ በተደረገው የፌስፓኮ በዓል የመጀመሪያውን ሽልማት ተቀብሏል።

ታሪኩ አንበርብር የሚባል የተማረ ሰው በ1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሐይቅ ዳር ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ሲመለስ ይጀምራል። እናቱ በደስታ ትቀበለዋለች፤ ነገር ግን አንድ እግሩ የለም። መንደሩም በጦርነት ተጨንቋል፤ ወጣቶቹ ለውትድርና እንዳይታፈሱ በዋሻ ተሸሽገዋል። ይህን ያየ ችኩል ተመልካች ወዲያው ትርጓሜውን ይናገራል፤ የደርግ መንግሥት የአገሪቱን ምሁር እግር ቆረጠ፥ የታሪኩም ወርቅ ይኸው ነው ይላል። ሥዕሉ ግን በትዕግሥት ወደ ኋላ እየተመለሰ ሌላ ነገር ያሳየዋል። አንበርብር እግሩን ያጣው በጀርመን አገር፥ በቆዳው ቀለም ምክንያት ጥቁርን የሚጠሉ ጎረምሶች ባደረሱበት ጥቃት ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ ወዳጁ ተስፋዬ ሲገደል አይቷል። እንግዲህ ሰውየው በአገሩም በሰው አገርም መጠጊያ አጥቷል ማለት ነው። የመጀመሪያው ትርጓሜ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ጠላት ላይ ጭኖ ተመልካቹን ያሳርፈው ነበር፤ እውነተኛው ትርጓሜ ግን ዕረፍት አይሰጥም። ከመንደሩ በላይ በኮረብታ ላይ የሚታየው ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረ ሐውልትም ይህንኑ ያጸናል፤ የውጭው ጠላት የተከለው ድንጋይ ሳይነቀል፥ ከሥሩ ወንድም ወንድሙን ያሳድዳል።

የስሙም ነገር እንዲሁ ነው። ጤዛ ሲባል ሰው ሁሉ ፀሐይ ሲወጣ የሚጠፋውን ያስባል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ስሙን በከንቱ ላለቀው የተማረ ትውልድ ይሰጠዋል። ይህ ትርጓሜ ሐሰት አይደለም፤ ጐደሎ ነው እንጂ። ጤዛ በማግሥቱ ደግሞ ይወርዳል፤ ሣሩም በእርሱ ይረጥባል። ሥዕሉ ለዚህ ምስክር አለው፤ በመጨረሻው አንበርብር የመንደሩን ሕፃናት ለማስተማር ይቆማል፥ ሰው ያገለላት አዛኑም ልጅ ትወልዳለች። በእነዚህ ሁለት ነገሮች ያልተደገፈ ቢሆን ኖሮ፥ የተስፋው ትርጓሜ የተመልካቹ ምኞት ብቻ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፤ አንድ ምልክት ብቻውን ምሥጢር አይሆንም። ይህን ደንብ የሀዋሳ ሰው ከጥንት ያውቀዋል። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነው የፍቼ ጫምባላላ ቀን የሚታወቀው፥ አያንቶ የሚባሉት ሊቃውንት የሰማይን ከዋክብት አካሄድ መርምረው ሲናገሩ ነው። በዓሉም በ2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ሰማዩን ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ሆኖም ሌሊቱን ተግቶ ከዋክብቱን ያላስተያየ ሰው፥ አንዲት ኮከብ አብርታ ስላየ ብቻ ዛሬ በዓል ነው ብሎ ሕዝቡን ወደ ጉዱማሌ አይጠራም።

ሲኒማ ወይም የቴሌቪዥን ድራማ የሚያይ ሰውም እንደዚሁ ይሁን። ይህ ምን ማለት ነው ከማለቱ በፊት፥ ምን አየሁ ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ያገኘውንም ትርጓሜ በሌላ ስፍራ ምስክር ይፈልግለት፤ ምስክር ካጣ ይተወው። የሰውን ሥዕል ሳይቸኩል ለማየት የለመደ ዐይን፥ ባልንጀራውን በአንድ ምልክት ለመፍረድ አይቸኩልም። አንበርብርን በእግሩ ብቻ የፈረደ ሰው፥ በሩን አንኳኩቶ የቆመውን እንግዳ በልብሱ ይፈርደዋልና።