ቁልፉ ማን ዘንድ ይደር?

ከባሕር ማዶ የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች የመንዟን ሞላሌ ብዙውን ጊዜ የሚረግጧት በሐምሌ ነው። ለእነሱ የበጋ ዕረፍት ነው፤ ለመንዝ ግን ዝናቡ የሚከርርበት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጁ ሁሉ አረምና ከብት ጥበቃ ላይ የሚውልበት ወቅት ነው። የወጣቶች ፕሮጀክት ይዘው ሲደርሱ ወጣቱ ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ በአስተባባሪነቴ የመጀመሪያው ሥራዬ ወቅቱን ማስመረጥ ነው፦ እህሉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ የበልጉ እርሻ ሳይጠመድ፣ በገናና በጥምቀት ሰሞን ኑ እላቸዋለሁ።

ሁለተኛው አጠያየቅን ማስተማር ነው። ምንጭ ለማጎልበት ቀበሌው ተሰብስቦ «ንጹሕ ውሃ ትፈልጋላችሁ?» ቢባል ማን እምቢ ይላል? ገበሬ ከሩቅ የመጣን እንግዳ አሳፍሮ አይመልስም። በአንድ ስብሰባ ላይ አንዲት ወጣት መሐንዲስ በእኔ አስተርጓሚነት ሌላ ጥያቄ አቀረበች፦ «የምንጩ ቁልፍ ማን ዘንድ ይደር?» ጸጥ ብሎ የቆየው ሰው ያኔ ተነቃነቀ። አንድ አዛውንት ወደ አንዲት ሴት አመልክተው «ቤታቸው ከአፋፉ ላይ ነው፤ እትዬ ይያዙት» አሉ። ሴትዮዋም ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና «እይዛለሁ፤ ግን በውድቅት ሌሊት በሬን የሚያንኳኳ አልፈልግም። ሰዓት ይቆረጥ፤ የሚጠግነውም ሰው ዛሬውኑ ይመረጥ» ብለው ቅድመ ሁኔታቸውን አስቀመጡ። ልጅቷ ንድፏን አጥፋ አዳመጠች። ለምንጩ ግንባታ ድንጋዩ በደቦ የተጋዘው ይህ ሁሉ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ከሩቅ ለሥራ የሚመጡ ሰዎችን ሀገራችን ብዙ አይታለች። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ሰሞን የመጡት ከ270 በላይ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባላት አብዛኞቹ መምህራን ነበሩ፤ ክፍሉ፣ ተማሪውና ጥቁር ሰሌዳው ቀድሞ ይጠብቃቸው ነበር። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የዘመቱት 60,000 ገደማ የራሳችን ተማሪዎችና መምህራን ግን ገበሬውን እንዲያደራጁ ጭምር ነበር የተላኩት፤ ዕቅዱ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። የሀገር ልጅ መሆን ብቻውን የአካባቢውን ሥርዓት አያሳውቅም።

መንዝ ደግሞ ሳይደራጅ የቆየ አገር አይደለም። በጓሳ ደጋ ያለው ሣር ለዘመናት የተጠበቀው ቄሮ በሚባል ነባር ሥርዓት ነበር፤ ቦታው ለዓመታት ከማጭድና ከከብት ይከለል ነበር፣ የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስኑት ባለመብቶቹ ነበሩ፣ ደንብ የጣሰም ይቀጣ ነበር። ያ ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲፈርስ ሣሩ ተጎዳ፤ ሕዝቡ ግን ኋላ ጥበቃውን በሌላ አደረጃጀት መልሶ አቋቋመው። ስለዚህ አዲስ መጭዎችን ቀድሜ ጓሳ እወስዳለሁ። ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ፎቶ አንሥተው ሲያበቁ፣ ከሥሩ ያለውን ሣር ማን እንዴት እንደጠበቀው እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ «ኮሚቴ እናቋቁምላችሁ» የሚል እምብዛም አይገጥመኝም፤ ሰንበቴው መቼ እንደሚሰበሰብ፣ የዕድሩ ዳኛ ማን እንደሆኑ ይጠይቁኛል።

ለላኪ ድርጅቶቹም አንድ ነገር አጥብቄ እነግራለሁ፦ መለዋወጫው ደብረ ብርሃን ገበያ የማይገኝ ቧንቧ በሻንጣ አታምጡ። ጥራቱ ቢበልጥም ሲሰበር የሚያስፈልገው ሌላ ፕሮጀክት ነው። ከገበያ የተገዛውን ግን ባለቁልፏና ጠጋኙ በመንደሩ መዋጮ ይተኩታል፤ ለእኔም ደውለው ማስፈቀድ የለባቸውም።